አሥራ ሁለቱ ሰዎች በሩ ሲዘጋባቸው

(ለንደን ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እዚህ ከፊት ወንበር አለ፤ ኑና ተቀመጡ። ይህ ጉዳይ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በአስተርጓሚነት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ተከሳሽ አጠገብ ቆሜ ዳኛው ያሉትን በአማርኛ፣ እሱ ያለውን በእንግሊዝኛ ሳደርስ ኖሬያለሁ። ታዲያ ከመካከላችሁ ስልክ የሚደውሉልኝ ሰዎች «የጁሪ ጥሪ ደረሰኝ፤ እንዴት አድርጌ ልቅር?» ይሉኛል። ጁሪ ማለት ከባድ ወንጀል በሚታይበት ፍርድ ቤት፣ በክራውን ኮርት፣ ተቀምጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው። «እንዴት ልዘጋጅ?» የሚለኝ ጥቂት ነው። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ደውሎ «ልጃችን ክራውን ኮርት ቀረበ፤ ከአሥራ ሁለቱ መካከል እኛን የሚመስል አንድ ሰው እንኳን የለም» ብሎ ያለቅሳል። እስቲ ሁለቱን ስልኮች አገናኟቸው! ሁላችንም ከቀረን ማን ይቀመጥልን?

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ እነዚያ 12 ሰዎች ከየት እንደሚመጡ፤ ቀጥሎ ዳኛው ምን አስይዘው ወደ ክፍላቸው እንደሚልኳቸው፤ ከዚያም በሩ ከተዘጋ በኋላ ውሳኔ ላይ እንዴት እንደሚደርሱ። ረጅሙ ሦስተኛው ነው፤ ታገሡኝ።

በመጀመሪያው ልጀምር። በእንግሊዝና በዌልስ ከሚታዩት የወንጀል ጉዳዮች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚያልቁት ቀለል ያሉ ወንጀሎች በሚታዩበት በማጅስትሬት ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ ጁሪ የለም። ነፍስ ግድያው፣ አስገድዶ መድፈሩ፣ ከባዱ ዘረፋ ግን ወደ ክራውን ኮርት ይሄዳል። እዚያም ቢሆን ጥፋቱን ያመነ ሰው ጁሪ አያስፈልገውም። ጁሪ የሚቀመጠው «ጥፋተኛ አይደለሁም» ላለ ተከሳሽ ነው።

የጁሪ አባላቱ የሕግ ሰዎች መሆን አያስፈልጋቸውም። ስማቸው ከመራጮች መዝገብ በዕጣ ይወጣል። ዕድሜው ከ18 እስከ 75 የሆነ፣ 13 ዓመት ከሞላው ወዲህ ቢያንስ 5 ዓመት በዚህ አገር የኖረና በመዝገቡ ላይ ያለ ሰው ሊጠራ ይችላል። እኛ እዚህ እንግሊዝ ውስጥ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስንኖር በዚያ መዝገብ አንገባም፤ አገራችን በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የተሰባሰቡበት የኮመንዌልዝ ማኅበር አባል አይደለችምና። ዜግነት የወሰደና የተመዘገበ ግን ዕጣው ይደርሰዋል። አውቶቡስ ነጂው፣ ነርሷ፣ ሆቴል የምታጸዳው እህታችን፣ ባለ ሱቁ፣ ሁሉም እኩል ነው። ዛሬ ዳኞችና ፖሊሶች እንኳን አይቀሩም፤ ስማቸው ከወጣ ይጠራሉ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሴቶች በጁሪነት እንዲቀመጡ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1919 ነው። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ደግሞ የተወሰነ ግምት ያለው ቤት የሌለው ሰው አይጠራም ነበር። ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን እንጠራ ነበር? በተለይ እኛ ሴቶች? ዛሬ በፖስታ የሚመጣላችሁ ወረቀት ለብዙ መቶ ዓመታት ለእንደኛ ዓይነት ሰው የማይላክ ወረቀት ነበር።

ጥሪው ሲደርሳችሁ በ7 ቀን ውስጥ መልስ ስጡ። ፈተና ካለባችሁ፣ ሕመም ካለ፣ ጉዞ ካለ፣ አንድ ጊዜ ለሌላ ወቅት እንዲተላለፍ መጠየቅ ይቻላል። ዝም ማለት ግን እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የምትሉም አላችሁ። እውነት ከሆነ ተናገሩ፤ ቋንቋው ያልበቃውን ሰው ዳኛው የማሰናበት ሥልጣን አላቸው። ነገር ግን እዚህ አገር ሥራ ተወዳድራችሁ ይዛችሁ፣ ከአከራይ ጋር ተከራክራችሁ፣ የልጆቻችሁን አስተማሪ አነጋግራችሁ የምትኖሩ ሰዎች፣ ራሳችሁን ዝቅ አታድርጉ።

አንድ የማከብራቸው አባት ደብዳቤውን ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ እኔ በሰው ላይ አልፈርድም። መጽሐፍ አትፍረዱ ይላል» አሉኝ። ቡና ጠጣንና ረጅም ሰዓት ተነጋገርን። እንዲህ አልኳቸው፤ «አባባ፣ እርስዎን ነፍሱን ይመዝኑ ያለዎት የለም። ስንት ዓመት ይታሰር ብሎም አይጠይቅዎትም፤ ቅጣቱ የዳኛው ነው። እርስዎን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ እርግጠኛ አድርጎዎታል ወይስ አላደረገዎትም? ካላደረገዎት፣ አንድ ሰው ያለ በቂ ማስረጃ እንዳይታሰር የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት።» ብዙ ካሰቡ በኋላ ሄዱ። በክፍሉ ውስጥ ምን እንደተባለ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ለምን እንዳልጠየቅኋቸው በኋላ ትረዳላችሁ።

ችሎት ሲገቡ የችሎቱ ጸሐፊ ከተጠሩት መካከል እንደገና በዕጣ 12 ስም ያወጣል። ከዚያ መሐላ አለ። ክርስቲያኑ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ ሙስሊሙ በቁርኣን ይምላል፤ በሃይማኖት መማል የማይፈልግ ቃሉን ብቻ ይሰጣል። የመሐላው ፍሬ ነገር ተከሳሹን በታማኝነት እንደሚዳኙና በማስረጃው መሠረት እውነተኛ ውሳኔ እንደሚሰጡ ነው። በማስረጃው መሠረት! በወሬ አይደለም፤ በፊቱ ገጽታ አይደለም፤ ትናንት ማታ በስልክ ባነበቡት ዜና አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ምስክሮች ከተሰሙና ዐቃቤ ሕጉም ጠበቃውም ከተናገሩ በኋላ ዳኛው ለጁሪው ሕጉን ያስረዳሉ። የሥራ ክፍፍሉን ልብ በሉ። ሕጉ የዳኛው ነው፤ ፍሬ ነገሩ የጁሪው ነው። የትኛው ምስክር ዋሸ፣ የትኛው ተሳሳተ፣ ማን እውነት ተናገረ የሚለውን የሚወስኑት 12ቱ ብቻ ናቸው። ዳኛው በፊታቸው ሁኔታ እንኳን ወደ አንድ ወገን ሊገፏቸው አይገባም።

በአሁኑ ጊዜ ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ በተራ የተደረደሩ ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት ይሰጣሉ። አንድ ሰው ሌላውን መትቶ አቆሰለ ተብሎ ተከሷል እንበል፤ እሱ ደግሞ «ራሴን ነው የተከላከልኩት» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ተከሳሹ መምታቱን እርግጠኞች ነን?» የሚል ይሆናል። አይደለንም ካሉ እዚያው ያበቃል፤ ጥፋተኛ አይደለም። እርግጠኞች ነን ካሉ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ፤ «ራሱን ለመከላከል እንዳልመታው እርግጠኞች ነን?» ሰውዬው ራሱን መከላከሉን ማስረዳት የለበትም። ራሱን እየተከላከለ እንዳልነበረ ማሳየት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው። እንዲህ እያሉ ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ። ጥያቄ መዝለል የለም።

«እርግጠኞች» የምትለዋን አደራ ያዙልኝ። «ሳይሆን አይቀርም» አይበቃም። «ይመስለኛል» አይበቃም። «መቼም እሳት በሌለበት ጭስ አይነሣም» ፈጽሞ አይበቃም! ሰውየው አድርጎታል ብላችሁ ጠርጥራችሁ፣ ጥርጣሬያችሁም ከባድ ሆኖ፣ ነገር ግን እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ መልሱ «ጥፋተኛ አይደለም» ነው። ይህን የምትሉት ደግሞ ተከሳሹ ጻድቅ ነው ብላችሁ አይደለም፤ ከሳሹ መንግሥት አላስረዳም ብላችሁ ነው።

ይህ ነገር በአገሩ ተወላጆችም ዘንድ ይከብዳል። በ2013 ለንደን ውስጥ በሳውዝዋርክ ክራውን ኮርት የአንድ የቀድሞ ሚኒስትር የቀድሞ ባለቤት ተከስሳ ጉዳዩ ሲታይ፣ ጁሪው ለዳኛው 10 ጥያቄዎች ጽፎ ላከ። አንዱ ጥያቄ «በችሎት ባልቀረበና ማስረጃ በሌለው ምክንያት ተመሥርቶ ውሳኔ መስጠት ይቻላል ወይ?» የሚል ነበር። ሌላው ምክንያታዊ ጥርጣሬ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል። ዳኛው በብርቱ አዘኑ፤ ጁሪው ሊስማማ ባለመቻሉም ተሰናበተ፤ ጉዳዩ በሌላ ጁሪ እንደገና ታየ። ብዙ ሰው ያን ጁሪ ሰደበ። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ማስረጃ የሌለው ነገር ሲያነሣ፣ ሌላው «ይህማ አይቻልም፣ ዳኛውን እንጠይቅ» ብሎ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ባይላክ ኖሮስ? ዝም ብለው ቢወስኑስ? መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይረዱ ሰው መኮነን ነው ነውሩ።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሼሪል ቶማስ ጁሪዎችን ለዓመታት አጥንተዋል። በ2010 በወጣው ጥናታቸው ዳኛው በቃል የሰጡትን የሕግ ማብራሪያ በትክክል የተረዱት 31 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ማብራሪያው በአጭሩ ተጽፎ ሲሰጣቸው ግን የተረዱት ወደ 48 በመቶ ከፍ አሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ወደ ጎን አታድርጉት፤ አንብቡት፤ ደግማችሁ አንብቡት። ያው ጥናት ስለ እኛ የሚናገረውም አለው። ነጮች ብቻ ያሉበት ጁሪ ጥቁር ተከሳሽን ጥቁር በመሆኑ ብቻ ጥፋተኛ ያደርጋል ወይ ተብሎ ተመርምሮ፣ እንዲህ ያለ አድልዎ በውሳኔዎቹ ላይ አልተገኘም። ይህን የምነግራችሁ አሥራ ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ፊት ልጃቸው ለሚቀርብ ቤተሰቦች ነው። ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ደረስን። ዳኛው ጨረሱ። አንድ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ጁሪውን ለብቻው በተለየ ቦታ ሊጠብቅና ማንንም ላያስጠጋ ይምላል። ስልኮች ይሰበሰባሉ። በሩ ይዘጋል።

አንድ ጊዜ ከዚህ በር ውጭ፣ በኮሪደሩ ላይ፣ ከአንድ እናት ጋር ቆሜ ነበር። የጉዳዩን ዝርዝር አልናገርም። ልጃቸው ታች ታስሮ ውሳኔ ይጠብቃል። ነጠላቸውን ደጋግመው እያስተካከሉ «ልጄ፣ የእነዚህ ሰዎች ትልቅ የትኛው ነው? ሽማግሌ እንላክባቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ልለምናቸው» አሉኝ። ከአገራቸው ይዘው የመጡት መንገድ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሲጣላ፣ ነፍስም ሲጠፋ፣ ሽማግሌ ገብቶ የሚፈታበት መንገድ። «እማማ፣ አንዳቸውን በኮሪደር ላይ ቢያናግሩ ለልጅዎ ሌላ መከራ ይጨምሩበታል፤ እርስዎም ይከሰሳሉ» ብዬ ስነግራቸው ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ታዲያ ዳኛውስ? ዳኛው ገብተው አይነግሯቸውም?» አሉ። አይገቡም። ዳኛው አይገቡም፤ ዐቃቤ ሕጉ አይገባም፤ ጠበቃው አይገባም፤ ንጉሡ ቢመጡ አይገቡም።

ምስጢሩም እስከ መጨረሻው ነው። እኔ ራሴ ከዚህ ቀደም በጁሪነት አገልግያለሁ። በክፍሉ ውስጥ ማን ምን እንዳለ አልነግራችሁም፤ ለባለቤቴም አልነገርኩም። የጁሪን ምክክር ማውጣት በሕግ ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። አንዳንዶች ይህ ለምን አስፈለገ ይላሉ። አስቡት፤ ነገ በሰፈር «እገሌ ናት ልጃችንን ጥፋተኛ ያለችው» የሚባል ከሆነ፣ ማን በነጻነት ይናገራል? ማን ብቻውን ይቆማል?

ከውጭ የሚገባ ነገርም የተከለከለ ነው። በ1994 በሆቭ ከተማ የሁለት ሰዎች ግድያ ሲታይ ጁሪው ሌሊቱን ሆቴል አደረ። ያን ጊዜ ለምክክር የወጣ ጁሪ ወደ ቤቱ አይለቀቅም ነበር። አራቱ አባላት ሆቴሉ ውስጥ ፊደል የተጻፈበት የሙታን መናፍስት መጥሪያ ሰሌዳ ይዘው የሟቹን መንፈስ «ማን ገደለህ?» ብለው ጠየቁ! በማግስቱ ጁሪው ተከሳሹን ጥፋተኛ አለ። ነገሩ ሲታወቅ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ፤ በሌላ ጁሪ ፊት እንደገና ቀርቦ ዳግመኛ ጥፋተኛ ተባለ። በእኛ ዘመን ደግሞ ሰሌዳው ኢንተርኔት ሆኗል። ስለ ተከሳሹ በኢንተርኔት ፈልገው ያገኙትን ለሌሎቹ የነገሩ፣ በፌስቡክ ከተከሳሽ ጋር የተጻጻፉ የጁሪ አባላት እስር ቤት ገብተዋል። እባካችሁ፣ የተከሳሹን ስም ስልካችሁ ላይ እንዳትጽፉ። እዚያ የምታገኙትን ነገር ተከሳሹ አልሰማውም፤ ጠበቃውም መልስ ሊሰጥበት አልቻለም። ባልሰማው ነገር እንዴት ይፈረድበታል?

ውስጥ ያሉት ሰዎች ከመካከላቸው አንድ ሰብሳቢ ይመርጣሉ። ሰብሳቢው ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ የለውም፤ ሥራው ውይይቱን መምራትና ውሳኔውን በችሎት መናገር ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚወያዩ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም። ወዲያው ድምፅ ሰጥተው የሚጀምሩ አሉ፤ መጀመሪያ ማስረጃውን አንድ በአንድ የሚያነሡ አሉ። የእኔን ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ ድምፅ ለመስጠት አትቸኩሉ። ሰው አንዴ እጁን ካወጣ በኋላ ሐሳቡን መለወጥ ይከብደዋል። ጥያቄ ካላችሁ በወረቀት ጻፉና ለጠባቂው ስጡ፤ ዳኛው ለሁለቱም ወገን ጠበቆች አሳውቀው በግልጽ ችሎት ይመልሱላችኋል። በወረቀቱ ላይ «ሰባት ለአምስት ነን» ብላችሁ የድምፅ ቁጥር ግን አትጻፉ።

መጀመሪያ የሚጠበቅባቸው ሁሉም እንዲስማሙ ነው፤ 12 ለ0። ለብዙ መቶ ዓመታት ሌላ መንገድ አልነበረም። በ1967 ግን አንድ ሰው ብቻ በጉቦ በመግዛት ወይም በማስፈራራት ፍርድ የሚያደናቅፉ ወንጀለኞች ስላስቸገሩ ሕጉ ተለወጠ። አሁን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከተመካከሩ በኋላ፣ በአሠራር ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ በከባድ ጉዳይ ደግሞ ከዚያም እጅግ ዘግይቶ፣ ዳኛው 11 ለ1 ወይም 10 ለ2 የሆነ ውሳኔ እቀበላለሁ ሊሉ ይችላሉ። 9 ለ3 ውሳኔ አይደለም። በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት አባላት ቀንሰው 9 ብቻ ከቀሩ ደግሞ ዘጠኙም መስማማት አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ የማደንቀው ነገር አለ። ሰብሳቢው በድምፅ ብልጫ «ጥፋተኛ» ካለ፣ ስንት ሰው እንደተስማማና ስንት እንደተቃወመ በችሎት ይናገራል። «ጥፋተኛ አይደለም» ካለ ግን ቁጥሩን የሚጠይቀው የለም። ለምን ይመስላችኋል? ነጻ የወጣ ሰው ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆኖ እንዲወጣ ነው። ሰፈር ሲመለስ «ሁለቱ እኮ ጥፋተኛ ብለውት ነበር» የሚለው ሰው እንዳይኖር። ይህን ያሰበው ሕግ አውጪ የሰው ክብር ገብቶታል።

መስማማት ባይችሉስ? ይሰናበታሉ። ዐቃቤ ሕግ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ በሌላ ጁሪ ፊት እንደገና ይሞክራል፤ ሁለተኛውም ካልተስማማ አብዛኛውን ጊዜ ክሱ ይቆማል። አለመስማማት ወንጀል አይደለም፤ ማንም ሊያስቸኩላችሁ አይችልም። በ1960 በይግባኝ የታየ አንድ ጉዳይ አለ። በኖቲንግሃም የተሰየሙት ዳኛ ጁሪው ሲዘገይባቸው የጉዞ ዕቅዳቸው እንደተዛባ ነግረው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልወሰናችሁ እዚሁ ታድራላችሁ አሉ። ጁሪው በ6 ደቂቃ ተመልሶ ጥፋተኛ አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ጁሪ ያለ ማስፈራሪያ፣ በነጻነት መመካከር አለበትና። ዛሬ ዳኛ ለተቸገረ ጁሪ የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው፤ እርስ በርስ ተደማመጡ፣ የሌላውን አመለካከት በቅንነት መዝኑ፣ ነገር ግን ማንም መሐላውን አያፍርስ።

አሁን በቀጥታ ለእኛ ልናገር። እኛ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። ትልቅ ሰው ሲናገር አናቋርጥም። አሥር ሰው «አዎ» ሲል እኛ «አይ» ማለት ድፍረት ይመስለናል። በዚህ ላይ እንግሊዝኛቸው የሚፈስ፣ ልብሳቸው ያማረ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ሰዎች አጠገባችን ተቀምጠዋል። በዚህ ሁኔታ ዝም ማለት ይቀላል። ግን ዝምታችሁ በዚያ ክፍል ውስጥ ጨዋነት አይደለም! እዚያ ዝም ያለ ሰው ድምፁን ለሌላ ሰጥቷል። ተከሳሹ የተሰጡት 12 ሰዎች ናቸው፤ እናንተ ዝም ካላችሁ 11 ሆኑ ማለት ነው። ንግግራችሁ ቢሰባበር ምንም አይደለም። «እኔ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምክንያቴ ይህ ነው» ለማለት የተዋበ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ እልኸኛ አትሁኑ። የሌላው ሰው ሐሳብ በእውነት ካሳመናችሁ ሐሳባችሁን መለወጥ ሽንፈት አይደለም። ሰው ሳያምን፣ ደክሞት፣ ቤቱ መሄድ ፈልጎ ሲስማማ ነው መሐላው የሚፈርሰው።

ለዚህ መብት ሰዎች ተርበዋል፤ ይህን ታሪክ ሳልነግራችሁ አልወርድም። በ1670 ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የሚባሉ፣ ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች የሆኑ ሁለት ሰዎች፣ የጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋባቸው ለንደን ውስጥ በግሬስቸርች ጎዳና ላይ ሰበኩ። ሕገ ወጥና ሁከት የሞላበት ስብሰባ አድርገዋል ተብለው ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የለንደን የወንጀል ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጁሪው ጥፋተኞች አልልም አለ። ዳኞቹ ጁሪውን ሰደቡ፣ ዛቱ፤ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ እሳት ሁለት ሌሊት ዘጉበት። አልተንበረከኩም። «ጥፋተኞች አይደሉም» ብለው ቆሙ። ከዚያ የጁሪ አባላቱ ራሳቸው ተቀጡ፤ መቀጫውን አንከፍልም ያሉት ኒውጌት እስር ቤት ገቡ። ከእነርሱ አንዱ ኤድዋርድ ቡሼል አቤት አለ፤ ዋና ዳኛ ቮን ደግሞ ጁሪ በሰጠው ውሳኔ ሊቀጣ አይችልም ብለው ፈረዱ። ዛሬ ኦልድ ቤይሊ ብትሄዱ የእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው።

ይህ ፍርድ ዛሬም ይሠራል። በ1985 ክላይቭ ፖንቲንግ የተባለ የመከላከያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን በፎክላንድ ጦርነት ስለ ሰመጠችው የአርጀንቲና የጦር መርከብ የሚናገሩ ሰነዶችን ለአንድ የምክር ቤት አባል በመስጠቱ ተከሰሰ። ዳኛው የአገር ጥቅም ማለት በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት ጥቅሜ ነው ያለው ነው በማለት ሕጉን አስረዱ፤ መከላከያ አልቀረለትም ማለት ይቻላል። ጁሪው ግን ነጻ ነህ ብሎ አሰናበተው። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔ ሕጉን ጣሉት አልላችሁም፤ መሐላችሁ በማስረጃው መሠረት ነው። ነገር ግን «ጥፋተኛ» ብላችሁ እንድትመለሱ ሊያዝዛችሁ የሚችል ዳኛ እንደሌለ እወቁ።

«ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም» ያልኩት ብዙዎቻችሁን ይረብሻል፤ አውቃለሁ። በአገራችን ጁሪ የለም። ዳኛው ወይም ዳኞቹ ፍርዱን ከነምክንያቱ ይጽፋሉ፤ የተለየ ዳኛም የልዩነት ሐሳቡን ያሰፍራል። ይግባኝ የሚባለውም በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። እዚህ ግን አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። ይህ ለተፈረደበት ሰው ሕመም ነው። የተፈረደባቸው ሰዎች «ምኑን ነው ያላመኑኝ?» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የምተረጉምላቸው መልስ አልነበረኝም። ይህን ጉድለት ሸፍኜ አላልፍም፤ እውነተኛ ጉድለት ነው። ሆኖም ምክንያት እንዲጽፉ ብናስገድዳቸው፣ ምክንያቱን የሚያነብ ባለሥልጣን ይኖራል፤ የቡሼልም ነጻነት ይሸረሸራል ብዬ እፈራለሁ።

በ2025 መጨረሻ የፍትሕ ሚኒስትሩ ዴቪድ ላሚ እስከ 3 ዓመት ሊያሳስሩ የሚችሉ ብዙ ጉዳዮችን ያለ ጁሪ፣ በዳኛ ብቻ ለማየት ማቀዳቸውን አስታወቁ። ምክንያታቸው በክራውን ኮርት የተከማቸው ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ጉዳይ ነው። ችግሩ የፈጠራ አይደለም፤ ተበዳዮችም ተከሳሾችም ለዓመታት ይጠብቃሉ፤ እኔም በችሎት የማየው ነው። ነገር ግን እኚሁ ሰው በ2017 ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች በፍትሕ ሥርዓቱ ውስጥ እንዴት እንደሚታዩ መርምረው ባወጡት ዘገባ፣ አድልዎ ያላገኙበት ቦታ ጁሪ ነው ብለው ነበር። ታዲያ ለእኛ የሚሻለውን በር ነው የምናጠበው? ችሎቶቹን ጠግኑ፣ ዳኞች ጨምሩ፣ ባዶ የሚውሉትን አዳራሾች ክፈቱ፤ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ግን አትንኩብን እላለሁ። እናንተም የምታምኑበት ከሆነ ለአካባቢያችሁ የምክር ቤት ተወካይ ጻፉ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። የጁሪ ጥሪ በእጃችሁ ያለ ሰዎች ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ቆዩ፤ የመልሱን ቅጽ አብረን እንሞላለን። ስለ ተጀመረ ጉዳይ ዝርዝር ግን አትንገሩኝ፤ አልሰማም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከእናቶች እንጀምር።